ምድር ስትንቀጠቀጥ ወንጀሉን የት እንፈልግ?

 

በ2017 ዓ.ም. መባቻ፣ ገና በመስከረም ወር፣ የአዋሽ ፈንታሌ ምድር መንቀጥቀጥ ጀመረች። ንዝረቱ ጥቂት ጋብ ካለ በኋላ በታኅሣሥ ወር ብሶ ተመለሰ፤ የካቲት 7 ቀን መጠኑ ወደ 6 የተጠጋ መንቀጥቀጥ ተመዘገበ። ቤቶች ፈረሱ፣ መንገድ ተሰነጠቀ፣ ከዶፋን ተራራ አካባቢ እንፋሎትና ጭቃ ሲፈናጠር ታየ። በአፋር፣ በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ቀያቸውን ጥለው ወጡ። አዲስ አበባ ያለው ሰው እንኳ አልጋው ሲወዛወዝ ሌሊት ከእንቅልፉ ይነቃ ነበር።

በዚያ ወቅት ሦስት ዓይነት ንግግር በየቤቱና በየሻይ ቤቱ ሰምተናል። አንደኛው «ያ ሕዝብ ምን ወንጀል ቢሠራ ነው እንዲህ የሚቀጣው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «የአላህን ቀደር ማን ያስቀራል? ጥናቱም ሆነ ጥንቃቄው ምን ይፈይዳል?» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ትልቁ ይመጣል» እያለ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። ሦስቱ ንግግሮች ሲታዩ የተለያዩ ይመስላሉ። ፍሬያቸው ግን አንድ ነው፤ ሦስቱም ከሥራ ያሳርፉናል። አንደኛው ጥፋቱን በተጎጂው ላይ ጭኖ ይገላግለናል፤ ሁለተኛው ምንም ማድረግ አይቻልም ብሎ ያስተኛናል፤ ሦስተኛው አስደንግጦን ቀኑ ሲያልፍ ደግሞ ነገሩን ጨርሶ ያስረሳናል።

ይህ ጽሑፍ ሦስቱንም ይቃወማል። ወንጀል የለም ለማለት ግን አይደለም። ወንጀሉ አለ። የምንፈልገው ከተሳሳተ ደጃፍ ስለሆነ ነው።

የምድሪቱ ጉዳይ ምንድን ነው?

አስቀድመን ምድሪቱን እንወቃት። የአፋር ምድር በዓለም ላይ ካሉ ጥቂት ልዩ ስፍራዎች አንዱ ነው። የአፍሪካ፣ የሶማሊያና የዐረብያ ተብለው የሚጠሩ ሦስት ግዙፍ የምድር ቅርፊት ክፍሎች እዚያ ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ወደየአቅጣጫቸው ይለያያሉ። ዐረብያ ከአፍሪካ የምትርቀው በዓመት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በአዋሽ በኩል ወደ ደቡብ የሚዘልቀው ዋናው ስምጥ ሸለቆ ደግሞ በዓመት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል። ይህ የጣት ጥፍር ከሚያድግበት ፍጥነት ያነሰ ነው። ሆኖም በሚሊዮኖች ዓመታት ሲጠራቀም ባሕር ይከፍታል፤ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ የተከፈቱት በዚህ መንገድ ነው።

ታዲያ መለያየቱ ዘወትር በዝግታ ከሆነ መንቀጥቀጡ ከየት ይመጣል? የደረቀ ቆዳ ከሁለት ወገን ሲሳብ አስቡት። ለጊዜው ይለጠጣል፣ ይወጠራል፤ አንድ ቀን ግን ድንገት ይተረተራል። የምድር ቅርፊትም እንዲሁ ነው። ለብዙ ዘመን ሲወጠር የቆየው ዐለት በአንድ ስፍራ ተሰብሮ ሲንሸራተት የተጠራቀመው ኃይል በሞገድ መልክ ይለቀቃል። በአፋር ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ከሥር ያለው ቅልጥ ዐለት፣ ማግማ የሚባለው፣ በስንጥቁ ውስጥ እንደ ሽብልቅ እየገባ ቅርፊቱን ይሰነጥቀዋል።

ይህ ግምት ብቻ ሆኖ የቀረ አይደለም፤ በዓይን ታይቷል። መስከረም 4 ቀን 1998 ዓ.ም. ከጭፍራ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ መንቀጥቀጥ ተጀመረ። በሦስት ሳምንት ውስጥ መጠናቸው ከ3.9 የሚበልጥ ከ160 በላይ መንቀጥቀጦች ተመዘገቡ፤ መስከረም 16 ቀንም ምድር ተሰንጥቃ አመድ ተፋች፤ አርብቶ አደሮችም ከብቶቻቸውን እየነዱ ከአካባቢው ሸሹ። ተመራማሪዎች ከመንቀጥቀጡ በፊትና በኋላ በሳተላይት ራዳር የተነሡትን ምስሎች ሲያስተያዩ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የምድር ክፍል መከፈቱን አዩ። በአንዳንድ ቦታ ስፋቱ 8 ሜትር ደርሷል። በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ብንል የ400 ዓመት መለያየት በጥቂት ሳምንታት ተጠናቀቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ ማግማው በዚያው መስመር 13 ጊዜ ደጋግሞ ገብቷል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ኔቸር በተባለው መጽሔት ሲወጣ ከውጭዎቹ ሊቃውንት ጋር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎቹ አታላይ አየለና ገዛኸኝ ይርጉ ስማቸው ሰፍሯል። የእኛው ምድር፣ የእኛውም ልጆች ያጠኑት ነው።

ሳተላይቱ ይህን የሚያየው እንዴት ነው? ወደ 700 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ የራዳር ሞገድ ወደ ምድር ይልካል፤ ተመላሹንም ይቀበላል። ከቀናት በኋላ በዚያው መስመር ሲመለስ ደግሞ ይልካል። በሁለቱ መካከል ምድር በጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ብላ ከሆነ ልዩነቱ ይታያል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፋን መካከል ማግማ ከመሬት ሥር በአግድም እየተጓዘ እንደነበር የታወቀው በዚህ መሣሪያ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ኤርታአሌ ሲፈነዳም ማግማው ከሥር ወደ ደቡብ ወደ ሐይሊ ጉቢ ሲያመራ ታይቷል። ከአራት ወር በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በታሪክ የተመዘገበ ፍንዳታ ያልነበረው ሐይሊ ጉቢ ፈነዳ፤ የአፍዴራን መንደሮች አመድ አለበሰ፤ ጢሱም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በዑማን በኩል እስከ ህንድ ደረሰ።

አንባቢ ሆይ፣ እነዚህን ነገሮች ልብ በላቸው። ይህ ምድር የሚንቀሳቀሰው ዛሬ የተነሣ ትውልድ ስላመጸ አይደለም። አባቶቻችን ሳይፈጠሩ፣ የሰው ልጅም በምድር ላይ ሳይራመድ ይንቀሳቀስ ነበር።

የተቀጣ ሕዝብ ነውን?

«ያ ሕዝብ ተቀጣ» የሚሉት ወንድሞች ማስረጃ የላቸውም አንልም። ቁርኣን የሠሙድንና የመድየንን ሕዝቦች በመንቀጥቀጥ መያዝ ይነግረናል። ዑመር ኢብኑል ኸጧብም (ረ.ዐ.) በዘመናቸው መዲና በተንቀጠቀጠች ጊዜ ሕዝቡን በብርቱ እንደገሠጹ ተዘግቧል። ይህን ማንም ሙስሊም አይክድም።

ነገር ግን ሁለት ጥያቄዎች አሉን። የመጀመሪያው፦ የሠሙድና የመድየን መያዝ ቅጣት መሆኑን በምን አወቅን? በወሕይ አይደለምን? መልእክተኛ ተልኮላቸው፣ ተነግሯቸው፣ አስተባብለው መያዛቸውን አላህ ራሱ ስለነገረን ነው። ስለ አዋሽ ፈንታሌ ወይም ስለ አፍዴራ ሰው ወሕይ የወረደለት ማን ነው? ወሕይ ከቆመ አሥራ አራት መቶ ዓመት አልፏል። ባልተነገረን ነገር በአላህ ስም መፍረድ ድፍረት ነው።

ሁለተኛው፦ ዑመር ማንን ነው የገሠጹት? የራሳቸውን ከተማ ሰዎች ነው፤ እርሳቸውም በመካከላቸው ነበሩ። በሩቅ ሆነው የሌላውን አገር ሕዝብ አላነወሩም። ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝም በዘመናቸው ምድር ስትንቀጠቀጥ ወደ ግዛቶቻቸው ጽፈው ሕዝቡ ወጥቶ ሶደቃ እንዲሰጥ ማዘዛቸው ተዘግቧል። እንግዲህ የቀደምቶቻችን መንገድ ይህ ነው፤ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ሰው ወደ ራሱ ይመለሳል፣ ተውበት ያደርጋል፣ እጁን ለተቸገረ ይዘረጋል። ጣቱን ወደ ተጎጂው የሚቀስር ግን ዑመርን አልተከተለም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ግርዶሽ ሆነች። ሰዎች «ለኢብራሂም ሞት ነው» አሉ። ለአንድ አባት ከዚህ የሚበልጥ ክብር ምን አለ? እርሳቸው ግን ወሬውን አልተቀበሉትም። ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት ብለው እንደማይጋረዱ፣ ይልቁንም ከአላህ ተአምራት መካከል መሆናቸውን አስተማሩ፤ ወደ ሰላትም ጠሩ። ተአምር ነው፣ ወደ አላህም ያስታውሳል፤ ግን የእከሌና የእከሌ ጉዳይ ነው ተብሎ አይተረጎምም። ይህ ትምህርት ለግርዶሽ ከሠራ ለመንቀጥቀጥ የማይሠራበት ምክንያት አይታየንም።

ከሁሉም የከበደው ደግሞ ይህ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሸሂድነት ደረጃ እንደሚያገኙ ከዘረዘሯቸው መካከል ግንብ ተንዶበት የሚሞት ሰው አለ። ነቢዩ ሸሂድ ያሉትን ሰው እኛ «የተቀጣ» ብለን ስንጠራው አንደበታችን አይንቀጠቀጥምን?

ይህም ሁሉ ቀርቶ ነገሩን በዓይናችን እንየው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 በአራት ቀን ልዩነት ሁለት መንቀጥቀጦች ሆኑ። አንዱ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ሌላው ባም በተባለችው የኢራን ከተማ። መጠናቸው ተቀራራቢ ነበር፤ ሁለቱም 6.5 ገደማ። በካሊፎርኒያ ሁለት ሰዎች ሞቱ። በባም ከ26 ሺህ በላይ ሰዎች ሞቱ። መንቀጥቀጥ የወንጀል መለኪያ ከሆነ በሌሊት በቤታቸው የተኙት የባም ሙስሊሞች ከካሊፎርኒያ ሰዎች ይልቅ ወንጀለኞች ነበሩ ልንል ነው። ማን ይህን በድፍረት ይናገራል? እርግጥ የባሙ ከከተማዋ ሥር ነበር፤ የካሊፎርኒያው ሰው በሳሳበት ስፍራ ነበር። ሆኖም ባምን መቃብር ያደረጋት ዋናው ነገር ከጭቃ ጡብ የተሠራው፣ ምንም ማሰሪያ የሌለው ከባድ ግድግዳና ጣሪያ ነው።

ደግሞም ያ የምንፈራው የምድር እንቅስቃሴ ኒዕማም እንዳለው አንርሳ። የአፍዴራና የዳሎል ጨው፣ ፍል ውኃው፣ ከዱብቲ አጠገብ በተንዳሆ የተቆፈረው የከርሰ ምድር እንፋሎት፣ አዋሽ የሚፈስበት ሸለቆ ራሱ የዚሁ የምድር መከፈት ውጤቶች ናቸው። የሰውን ጥንታዊ ዐፅም ከሐዳር ያወጣልን እርሱ ነው። ጨውን ስንልስ ጸጋ፣ ንዝረቱን ስንሰማ ቁጣ ማለት ፍርድ አይደለም።

ቀደር የስንፍና ምሽግ አይደለም

«ቀደር ከሆነ ምን እናደርጋለን?» ለሚሉት መልሱ ቀድሞ ተሰጥቷል። ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲያመሩ ሰርግ ከተባለው ስፍራ ሲደርሱ በአገሩ ወረርሽኝ መግባቱ ተነገራቸው፤ ተማክረውም ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) «ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን?» ብለው በጠየቋቸው ጊዜ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ ነገሯቸው። ምሳሌም ሰጡ፤ ግመሎቻችሁን ይዛችሁ ከሸለቆ ብትወርዱ፣ አንዱ ጎን ለምለም ሌላው ጎን ደረቅ ቢሆን፣ በየትኛውም ብታሰማሩ በአላህ ቀደር አይደለምን? አሉ። ይህን ምሳሌ ከአፋር አርብቶ አደር በላይ የሚረዳው ማን ነው? እርሱ በደረቁ ጎን ቆሞ «ቀደሬ ነው» አይልም። ግመሉን ወደ ለምለሙ ይነዳል። ግመሉን አስሮ ከዚያ በአላህ መመካትንም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተምሯል።

ጥናቱም ከዲን ጋር የሚጣላ አይደለም። ኢብኑ ሲና መንቀጥቀጥ ከምድር ውስጥ ከታመቀ ንፋስ ይመጣል ብለው ምክንያቱን ለማስረዳት ሞክረዋል። መልሱ ዛሬ ባይጸናም ጥያቄው ትክክል ነበር። በ911 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢ ደግሞ በእስልምና ዘመን የደረሱትን መንቀጥቀጦች በየዓመታቸው የመዘገበ ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል። ዛሬ የመስኩ ሊቃውንት የጥንቱን መንቀጥቀጥ ለማወቅ እንዲህ ያሉ መዛግብትን ይመረምራሉ። በእኛም አገር ፒየር ጉዊን የተባሉት የአዲስ አበባው የምድር ምርምር ጣቢያ መሥራች የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመንቀጥቀጥ ታሪክ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አውጥተዋል። ታሪኩን የመዘገበ ሰው ቀደርን አልካደም፤ ሰበቡን አደረሰ።

ቀን ቆራጮች

ሦስተኛው ወገን ከሁለቱ ይልቅ ጮሌ ነው፤ በሳይንስ ስም ይናገራልና። «የውጭ ሊቃውንት እንዳሉት ነገ ከምሽቱ በዚህ ሰዓት...» ይላል። ይህ ሐሰት ነው። ዛሬ በዓለም ላይ መንቀጥቀጥ የሚመጣበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ መናገር የሚችል አንድም ተቋም የለም። ጥናቱ የሚችለውን በልኩ እንወቅ፦ የትኛው አካባቢ እንደሚወጠር፣ በየትኛው መስመር እንደሚሰበር፣ ማግማው ወዴት እየሄደ እንደሆነ፣ በስንት ዓመት ውስጥ ምን ያህል ብርቱ ንዝረት ሊጠበቅ እንደሚችል ይነግራል። ይህም ለቤት ሠሪና ለከተማ ቀያሽ በቂ ነው። ቀኑን የሚነግርህ ግን ወይ ተታሎ ነው፣ ወይ ሊያታልልህ።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት የወሬ ሥርዓት አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ወይም ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ከማን እንደሰሙት፣ በዓይን ታይቶ ይሁን በወሬ ይጠያየቃሉ። በዳጉ ሐሰት መናገር ነውር ነው። በረሃ ላይ የውኃና የግጦሽ ወሬ ከተሳሳተ ከብትም ሰውም ያልቃልና። ሱረቱል ሑጁራትም ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ አዞናል። ታዲያ ያልተማረ የሚባለው እረኛ የሚያጣራውን ወሬ ዲግሪ ያለው የከተማ ሰው ሳያጣራ ለመቶ ሰው ያስተላልፋልን? እንዲህ ባለ ወሬ ሕፃናትና አሮጊቶች ሌሊቱን ብርድ ላይ አድረዋል።

ወንጀሉ ያለው ከሚዛኑ ላይ ነው

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ወንጀሉን የት እንፈልግ? ቁርኣን በመንቀጥቀጥ መያዛቸውን ከነገረን ሕዝቦች አንዱ መድየን ናቸው። ነቢያቸው ሹዐይብ (ዐ.ሰ.) ሽርክን እንዲተዉ ከነገሯቸው ቀጥሎ አጥብቀው የገሠጿቸው በምን ነበር? በስፍርና በሚዛን ነው! መለኪያ ያጎድሉ፣ የሰውን ሐቅ ይቀንሱ ነበር። ሙጠፊፊን የተባለችው ሱራም በዚሁ ላይ ወርዳለች። የመድየንን ታሪክ ለተጎጂው የሚያነቡ ሰዎች ይህን ክፍል ለምን ይዘሉታል?

የዛሬው የጎደለ ሚዛን የት እንዳለ እንንገራችሁ። ለአርማታው ከተቀመጠለት መጠን ሲሚንቶ የሚቀንስ ሥራ ተቋራጭ፤ በአሥራ አራቱ ፈንታ አሥሩን ፌሮ የሚያስር ግንበኛ፤ ስታፋውን እያራራቀ ቀሪውን ብረት የሚሸጥ ፎርማን፤ ቦታው ሳይሄድ በቢሮው ተቀምጦ «ታይቷል» ብሎ የሚፈርም ሹም፤ በሦስት ፎቅ ፈቃድ አምስት የሚያቆም ባለንብረት፤ ከዋጋ በቀር ምንም የማይጠይቅ አሠሪ። እነዚህ ሁሉ ከሚዛን አጉድለዋል። የመሐንዲሱ ስሌት ሚዛን ነው፤ የሰረቀው ሰው የሰረቀው ከሚተኛው ሕፃን ነፍስ ላይ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል የኢትዮጵያ የሕንፃ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ መንቀጥቀጥ ራሱን የቻለ ክፍል ይዞ ወጥቷል፤ በ2015ም ታድሷል። የጎደለው መጽሐፉ ሳይሆን አማናው ነው። የቱርክን አይተናል። እ.ኤ.አ. በ1999 በኢዝሚት ከ17 ሺህ በላይ ሰው ካለቀ በኋላ አገሪቱ ሕጓን አጥብቃ ነበር። ሆኖም በ2018 ያለ ፈቃድ ለተሠሩ ሕንፃዎች ገንዘብ እየተከፈለ ምሕረት ተደረገ። የካቲት 2023 መጠኑ 7.8 የሆነ መንቀጥቀጥ ሲመጣ በቱርክ ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎች ሞቱ። ምድር ያንን የምሕረት ወረቀት አልተቀበለችም።

ወደ ራሳችንም እንመለስ። በሙስሊሙ ገንዘብ፣ በእናቶች የጆሮ ጌጥ ሳይቀር የሚሠሩ መስጂዶች አሉን። ስንቱ ነው መሐንዲስ ያየው? ሚናራው ከጎረቤት መስጂድ ይርዘም ብለን ስንከራከር መሠረቱን የጠየቀ ማን ነው? ረጅምና ቀጭን ግንብ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ፈጥኖ ከሚወድቁት አንዱ ነው፤ የሚወድቀውም ለሰላት በተሰለፈው ሰው ላይ ነው። በአላህ ቤት ላይ ሚዛን ማጉደል ከሱቅ ሚዛን ይቀልላልን?

ጭፍራ ምን ታድርግ?

ይህን ሁሉ የምንለው ስለ ሩቅ ነገር አይደለም። ጭፍራን እንውሰድ። ከሚሌ ወደ ወልዲያ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ የወሎ ደጋ ወደ አፋር ዝቅታ በሚወርድበት ጠርዝ ግርጌ ያለች፣ የአፋሩና የወሎው ሰው በገበያ የሚገናኝባት ከተማ ናት። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ክፉኛ ተጎድታለች። በዙሪያዋ ያለውን ታሪክ እንቁጠር። በደቡብ፣ በዚያው የደጋ ጠርዝ ላይ፣ በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ ተናውጣ ማጀቴ ፈርሳለች። በምሥራቅ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የሰርዶ መንደር ወድማ ሰዎች ሞተዋል። በሰሜን ምሥራቅ የዳባሁን አይተናል። እንግዲህ በጭፍራ የሚሠራ ቤት ሁሉ መንቀጥቀጥን እያሰበ ሊሠራ ይገባዋል ማለት ሟርት አይደለም፤ ሒሳብ ነው።

አባቶች የኖሩበት ዳቦይታ ከእንጨትና ከሰሌን የተሠራ፣ ቀላልና ተጣጣፊ ነው። ቢወዛወዝ ሰው አይገድልም። ዛሬ ግን በየከተማው ብሎኬትና ድንጋይ እየተደረደረ ነው። ብሎኬት በራሱ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ሳይታሰር መቆሙ ነው። ቤቱ ከመሠረቱ ላይና ከግድግዳው አናት ላይ ዙሪያውን በአርማታ ቀበቶ ካልታሰረ፣ በየማዕዘኑ ፌሮ ያለው ምሰሶ ከሌለው፣ አርማታውም በቂ ሲሚንቶ አግኝቶ ለቀናት ውኃ ካልጠጣ፣ ያ ግድግዳ በመጀመሪያው ብርቱ ንዝረት ቤተሰቡ ላይ ይናዳል። ዘመናዊ ተብሎ ከዳቦይታው የባሰ ይሆናል። የፈረሰውን መልሶ የሚሠራ ሁሉ ደግሞ ዕድል አለው፤ በዚያው ወጪ፣ ጥቂት ፌሮ ጨምሮ፣ ልጆቹን የሚያድን ቤት ሊያቆም ይችላል።

ከእያንዳንዳችን ምን ይጠበቃል?

አባወራው ግንበኛውን ስለ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ስለ ማሰሪያው ይጠይቅ፤ አርማታ ሲሞላም ቆሞ ይይ። እማወራዋ ቁም ሣጥኑንና ቡፌውን ከግድግዳ ጋር ታስር፤ ከልጆች መኝታ በላይ ከባድ ዕቃ አትስቀል፤ ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ሮቶ ምን ተሸክሞት እንደቆመ ትጠይቅ። ልጆች ንዝረት ሲሰማቸው እየተጋፉ ደረጃ ላይ እንዳይሮጡ ይማሩ። በጠንካራ ሕንፃ ውስጥ ያለ ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ይግባ፣ ራሱን ይሸፍን፤ ንዝረቱ ሲያባራ ይውጣ። ደጅ ያለ ከግንብና ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ይራቅ።

ኢማሞቻችን በኹጥባቸው የሲሚንቶ ሌብነት ሐራም መሆኑን በግልጽ ይንገሩን፤ ስለ ገበያ ሚዛን እንደሚናገሩት ሁሉ። የመስጂድ ኮሚቴዎች ያለ መሐንዲስ ፊርማ አንድ ድንጋይ አያስቀምጡ። የአዲስ አበባና የሰመራ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን የደረሱበትን በውጭ መጽሔት ብቻ አያስቀሩት፤ በአማርኛና በአፋርኛ ለእረኛውም ለቤት ሠሪውም ይድረሰው። በሰው ምድር ላይ የተገኘ ዕውቀት ለባለ ምድሩ ካልደረሰ እርሱም ከሚዛን መጉደል ነው።

የተፈናቀሉትንም አንርሳ። ካሜራው ከሄደ በኋላም በሸራ ሥር የሚያድር ሰው አለ። ምን ወንጀል ሠርተው ነው ብለን ከመጠየቃችን በፊት ዘካችንና ሶደቃችን ደርሷቸው እንደሆነ ራሳችንን እንጠይቅ። ሱረቱ ዘልዘላህ ምድር በመጨረሻው ቀን ወሬዋን እንደምትናገር ትነግረናለች። በዚያን ቀን ምድር በላይዋ ላይ የተሠራውን ሁሉ ስታወራ፣ ያጎደልነው ሲሚንቶና ያላየነው የሸራ ድንኳንም ከወሬው አይቀርም።

ወላሁ አዕለም።